ወኔ ኳስ አይቀልብም

ቢል ቲየርኒ እ.ኤ.አ. በ1987 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን የወንዶች ላክሮስ ቡድን ገና እንደተረከበ «እዚህ ቤት የአገር ሻምፒዮን እንሆናለን» አለ ይባላል። ቡድኑ በብሔራዊው የኮሌጆች ሻምፒዮና ላይ አንድም ጊዜ ተሳትፎ አያውቅም ነበር። በ1992 ግን ዋንጫውን ወሰደ። ታሪኩን የሚያወሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ። አሰልጣኙ አመነ፣ ልጆቹን አሳመነ፣ ቡድኑ አሸነፈ። ሌላ ምን ቀረ?

ብዙ ነገር ቀርቷል። ከሁሉ በፊት 1988 ቀርቷል። ቲየርኒ ፕሪንስተንን የመራበት የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ያ ነው፤ ቡድኑ 2 ጨዋታ አሸንፎ በ13ቱ ተረታ። ሰውየው ያው ነው፤ እምነቱም ያው፣ አንደበቱም ያው። እምነት ቡድን የሚያነሳ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት የት ገብቶ ነበር? ሌላው የሚዘለል ነገር ደግሞ ተራ ሒሳብ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ትምህርት አራት ዓመት ነው። በ1988 ጀማሪ ሆኖ የተሸነፈው ልጅ በ1991 ተመርቆ ሄዷል። በ1992 ዋንጫውን ያነሱት ልጆች በሙሉ ቲየርኒ ራሱ እየዞረ የመለመላቸው ናቸው። የተለወጠው የልጆቹ ልብ ነው ይሉናል፤ የተለወጡት ግን ልጆቹ ናቸው።

በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ዙሪያ የወደቀ ቡድን እንዴት ይነሳል ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ መጣና የቡድኑን መንፈስ ለወጠ፤ የሽንፈትን ልማድ አስጣለ፤ ልጆቹ ለማሊያው መሞትን ተማሩ። አዲስ አሰልጣኝ በሚተዋወቅበት ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ይህ አይቀርም፤ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊም አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። እኛም ዘንድ ከዚህ የተለየ ነገር አይነገርም። ቡድን ሲሸነፍ «ወኔ አጣ» እንላለን፣ ሲያሸንፍ «በወኔ ተጫወተ»። መልሱ ለሁለቱም ስለሚሆን ማንም አይጠይቀውም፤ ለሁሉም የሚሆን መልስ ግን ምንም አያስረዳም። እኔ እዚህ የምሟገተው የወደቀን ቡድን ያነሱት አሰልጣኞች ያነሱት በወኔ አይደለም ብዬ ነው። ሌሎች ያላዩበት ቦታ ሄደው ተጫዋች ፈለጉ፤ አንድን ሙያ ከሌላው አብልጠው አስተማሩ፤ ቀጣሪያቸውም ሽንፈታቸውን ችሎ ጊዜ ሰጣቸው።

ላክሮስን ላልተመለከተ አንባቢ ጥቂት ልበል። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የዱላው ጫፍ ቆልማማ ሳይሆን መረብ ያለው መሆኑ ነው። ጠንካራዋ የጎማ ኳስ መሬት ለመሬት ከመንከባለል ይልቅ ከመረብ ወደ መረብ በአየር ትበራለች። ጨዋታው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም የሆደኖሾኒ ሕዝብ ቅርስ ነው። በወንዶቹ ላክሮስ ከእያንዳንዱ ወገን አሥር ሰው ይሰለፋል፤ ግቡ ቁመቱም ወርዱም ስድስት ጫማ ነው። ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ላይ ተጎንብሰው ለኳሷ ይታገላሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፦ እግር ኳስ ላይ ግብ የገባበት ቡድን ኳሱን ያገኛል፤ እዚህ ግን ግብ ያስቆጠረውም ቡድን መሃል ላይ ካሸነፈ እንደገና ኳሷን ይወስዳል። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያንን አንድ ሙያ በሚገባ ካወቀ፣ የጨዋታውን ሚዛን ያዛባል።

ጨዋታው ለረጅም ጊዜ የጥቂት አካባቢዎች ንብረት ነበር፤ የኒውዮርኩ ሎንግ አይላንድ፣ ባልቲሞርና አካባቢዋ፣ ሲራኪዩዝና ዙሪያዋ። ሜሪላንድ በ2004 ላክሮስን የግዛቲቱ ይፋዊ የቡድን ስፖርት አድርጋ በሕግ ደንግጋለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው እጅ ላይ ያንን መረብ ያለው ዱላ አይተው ሲጠይቋቸው መጀመሪያ ዋጋውን ነው የሚያዩት፤ ዱላው፣ የራስ ቁሩ፣ ጓንቱ፣ የክለብ ክፍያው። ተጫዋች የሚገኝበት ሰፈር ጠባብ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁሉም አሰልጣኝ እዚያው ጠባብ ሰፈር ሲጋፋ ከላይ ያሉት አራት አምስት ትልልቅ ስሞች ምርጡን ይለቅማሉ፣ የቀረው ለቀሪው ይደርሳል። ታች ያለ ቡድን በዚህ ወረፋ ላይ ቆሞ ምንም ያህል ወኔ ቢኖረው ተራው አይደርሰውም።

ወደ ፕሪንስተን ልመለስ። ቲየርኒ ከዚያ በፊት በጆንስ ሆፕኪንስ ምክትል አሰልጣኝ ነበር፤ ሆፕኪንስ ደግሞ በ1985 እና በ1987 ሻምፒዮን ሆኗል። ባለዋንጫውን ጥሎ ወደ ተሸናፊው ሲሄድ ይዞት የሄደው ስብከት አይደለም፤ መከላከልን ነው። ላክሮስ ላይ አጥቂው ተከላካዩን ካለፈው ግቡ ፊት ለፊቱ ነው። ስለዚህ ሌላ ተከላካይ የራሱን ሰው ትቶ ሊረዳ ይሮጣል፤ እሱ የተወውን ደግሞ ሦስተኛው ይሸፍናል፤ የሦስተኛውን አራተኛው። ይህ ሰንሰለት ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ግብ ነው። ማን መጀመሪያ ይሄዳል? ከየት በኩል? የሚረዳው ሲሄድ ማን ይጮሃል? ቲየርኒ ይህንን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ የሚያስጠና ሰው ነበር። አሰልቺ ነገር ነው፤ ፊልም አይሠራበትም።

ምልመላውን ያየ ሰው ደግሞ የበለጠ ይገረማል። ፕሪንስተን አይቪ ሊግ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባል ስለሆነ በስፖርት ችሎታ ነጻ የትምህርት ዕድል አይሰጥም፤ ድጋፍ የሚሰጠው የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ ነው። ሌሎቹ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድኖች በዚያን ዘመን ነጻ የትምህርት ዕድል ለልጆች ማከፋፈል ሲፈቀድላቸው እሱ ባዶ እጁን ነው። ታዲያ ምን አደረገ? በትምህርታቸው የዩኒቨርሲቲውን በር ሊያልፉ የሚችሉትን ለቅሞ ከዚያ ውስጥ ፈለገ። ግብ ጠባቂውን ስኮት ባሲጋሉፖን ከባልቲሞር፣ ከሆፕኪንስ ደጃፍ አመጣው። ተከላካዩን ዴቪድ ሞሮን ከሚሺጋን አመጣ፤ ሚሺጋን በዚያን ጊዜ በላክሮስ ካርታ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። (ሞሮ በኋላ የታይታኒየም ዱላ ሠርቶ የዋሪየር ኩባንያን የመሠረተው ሰው ነው፤ የአሉሚኒየሙ ዱላ ቢያስቸግረው ስለ ወኔ አላሰበም፣ ስለ ብረቱ አሰበ።) ለማጥቃቱ ሥራ ዴቪድ ሜትዝባወርን ምክትል አድርጎ ያዘ። በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሔራዊው ውድድር ገባና ባልቲሞር ላይ ሆፕኪንስን አሸነፈ። በ1992 ፍጻሜ ሲራኪዩዝን በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 10 ለ9 ረታ። እስከ 2001 ድረስ ስድስት ዋንጫ ሆነለት።

ታዲያ እምነቱስ? ነበረ እንጂ። ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ሆፕኪንስን አሸንፎ ከሜዳ ሲወጣ ያምናል፤ ማስረጃ አለው። ከዚያ በፊት ያለው ጨዋነት ነው፤ አሰልጣኙን ላለማሳፈር ራስን መነቅነቅ። በኋላ ላይ ተጫዋቾቹ ተጠይቀው «አሳመነን» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የተደጋገመውን የእግር አቀማመጥ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ቃል ነው፣ በተለይ ቃሉ ከሠመረ። ቃላቸው ያልሠመረ አሰልጣኞችም ያንኑ ንግግር በየኮሌጁ አድርገዋል። እነሱን ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ይህ ነው የወኔ ተራኪዎች ትልቁ ስንፍና፦ አሸናፊውን ብቻ ጠይቀው ምን እንዳለ ይመዘግባሉ፣ ተሸናፊውም ያንኑ ማለቱን አያጣሩም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሴቶቹ ታሪክ ነው፤ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ። ከቺካጎ በስተሰሜን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ከሎንግ አይላንድም ከባልቲሞርም የራቀ ግቢ። ዩኒቨርሲቲው የሴቶችን ላክሮስ በ1992 ከዋና ስፖርቶቹ ሰርዞ ወደ ተማሪዎች ክበብነት አውርዶት ነበር። ከዚያ መልሶ ሊያቋቁመው ወሰነና በ2000 ኬሊ አሞንቴ ሂለርን ቀጠረ። የ26 ዓመት ወጣት ነበረች፤ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሳለች ሻምፒዮን የሆነች፣ ወንድሟ ቶኒ አሞንቴ በዚያው በቺካጎ የበረዶ ሆኪ ኮከብ። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በ2002 ነው። ይህ የጊዜ ርቀት እንደ ዝርዝር ጉዳይ ይታለፋል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኟን ቀጥሮ አንድም ጨዋታ ሳይጠይቃት ደመወዝ እየከፈለ ቡድን እንድትሰበስብ ጊዜ ሰጣት። ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ካሸነፈችው የተሸነፈችው ሲበልጥ አልደነገጠም።

ማንን ሰበሰበች? ከታወቁት ሰፈሮች ምርጦቹ ሊመጡላት አይችሉም፤ ተጫዋች የሌለው ቡድን ማን ይመርጣል? ስለዚህ ላክሮስ የሚችሉ ልጆችን መፈለግ ትታ መሮጥ የሚችሉ ልጆችን ፈለገች። በጣም የታወቀው ታሪክ የመንትዮቹ ነው፤ በግቢው ውስጥ ያየቻቸው፣ ዱላውን ጨብጠው የማያውቁ ስፖርተኛ እህትማማቾች። ጠየቀቻቸው፣ መጡ፣ ተማሩ። የ2005ቱ ሻምፒዮን ቡድን ውስጥ ሁለቱም ነበሩበት። ይህንን ታሪክ የወኔ ወገን ሲያወራው «ማንም ካመነ ይችላል» የሚል ትምህርት ያወጣበታል። የተገላቢጦሽ ነው። መንትዮቹ እምነት ብቻ ይዘው ቢመጡ ኖሮ ተጠባባቂ ሆነው ይቀሩ ነበር። እግራቸው ነበረ፤ እጃቸው ግን መሠልጠን ነበረበት፤ ያሠለጠናቸው ደግሞ በዘመኑ ዱላ ከያዙት ሴቶች ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። የመፍጠን ችሎታ በወረፋው ላይ ዋጋ ያልወጣለት ዕቃ መሆኑን አየች፤ ረከሰባት፣ ገዛችው።

በእነዚያ እግሮች ላይ የጨዋታ ስልት ገነባች። ኳስ ሲጠፋባቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ ግብ ከመጠበቅ ይልቅ ሜዳው ሙሉ እየተሯሯጡ ማስጨነቅ። በዚያን ዘመን የምሥራቁ ታላላቅ ቡድኖች በቅብብል ብልጫ የተማመኑ ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ሯጭ ሲደቀንባቸው ቅብብሉ ይሰበራል። በ2005 ኖርዝዌስተርን 21 ጨዋታ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም፤ በፍጻሜው ቨርጂኒያን 13 ለ10 ረታ። ከ2005 እስከ 2012 ባሉት ስምንት ዓመታት ሰባት ዋንጫ ወሰደ። የቀረችው 2010 ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ምርጦቹ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ፤ እሷ ግን ሩቅ ማየቷን አልተወችም። ሐና ኒልሰንን ከአውስትራሊያ፣ ከአደሌድ አመጣች፤ ኒልሰን በ2008 እና በ2009 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን ቴዋራቶንን ወሰደች።

የአሜሪካ ጋዜጦች በዚያ በ2005 ስለዚህ ቡድን ከሁሉ አብዝተው የጻፉት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልጆቹ ኋይት ሀውስ ተጋብዘው ከፕሬዚዳንት ቡሽ ጋር ፎቶ ሲነሱ አንዳንዶቹ ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር። ያ ሳምንታት ያከራከረ ወሬ ሆነ። ከአሥር ዓመት መዘጋት ተነስቶ፣ ላክሮስ ከማይታወቅበት አገር፣ በአራተኛ የውድድር ዘመኑ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳ ቡድን እንዴት ተሠራ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ዴንቨር ላይ ያለው ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ይነካኛል። ቲየርኒ በ2009 ፕሪንስተንን ትቶ ወደ ኮሎራዶ ሄደ፤ በ2015 የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ሜሪላንድን 10 ለ5 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ግዛቶች ርቆ እስከ ሮኪ ተራሮች ግርጌ የሄደ የመጀመሪያው የወንዶች ዋንጫ ነው። ሁለተኛ ተአምር ተባለ፤ ተራኪዎቹም «አያችሁ፣ ሰውየው ራሱ ነው መድኃኒቱ» አሉ። ጄሚ ሙንሮ የሚባል ስም ግን ስንት ሰው ያውቃል? ዴንቨርን በ1999 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ሲገባ የመራው፣ በ2006 እና በ2008 ወደ ብሔራዊው ውድድር ያስገባው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለላክሮስ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስታዲየም የገነባው በ2005 ነው፤ ቲየርኒ ከመምጣቱ አራት ዓመት ቀድሞ። ስለዚህ ዴንቨር የወደቀ ቤት አልነበረም፤ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሚጠብቅ ነበር። አዳኝ የሚባል ሰው እንዲኖር ከእሱ በፊት የነበረው ሁሉ ባዶ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ተራኪው ባዶ ያደርገዋል። ሙንሮ በታሪኩ ውስጥ የሌለው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ታሪኩን ስለሚያበላሽ ነው።

ቲየርኒ ራሱ ዴንቨር ሲደርስ ያደረገው ነገር ደግሞ ከንግግር ጋር አይገናኝም። የካናዳ ተወላጁንና የዴንቨር ምሩቁን ማት ብራውንን የማጥቃቱ ኃላፊ አደረገ። ካናዳውያን ላክሮስን የሚማሩት በአብዛኛው በአዳራሽ ውስጥ ነው፤ ክረምት የበረዶ ሆኪ በሚጫወቱበት፣ በጋ በረዶው በሚነሳለት ወለል ላይ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ግቡም ከሜዳው ግብ በጣም ያንሳል፤ ግብ ጠባቂው ደግሞ በመከላከያ ልብስ ተጠቅልሎ በሩን ሊዘጋው ምንም አይቀረው። በዚያ ያደገ ልጅ በሰው መሃል ተጨናንቆ ኳስ መቅለብ፣ በእጁ ስፋት ቀዳዳ ማስገባት ያውቃል። ያንን ልጅ አምጥተህ ስድስት ጫማ በስድስት ጫማ ግብ ፊት አቁመው! ከማርክ ማቲውስ እስከ ዌስ በርግ የዴንቨር ግብ አዳኞች ከዚያ ነው የመጡት። በ2015 ደግሞ መሃል ላይ ተጎንብሶ ኳስ የሚነጥቅ ትሬቨር ባቲስት የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረው፤ ቀደም ብዬ ሚዛን ያዛባል ያልኩት ዓይነት ሰው።

እና ወኔ? ቲየርኒ በ2023 ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻው ቡድኑ ለብሔራዊው ውድድር አልበቃም። በፕሪንስተንም በ2005 ከማሸነፉ መሸነፉ የበዛበት ዓመት ነበረው። ሰባት ዋንጫ ያነሳ ሰው በ2005 እና በ2023 ወኔውን የት አስቀምጦት ነበር? ምክንያቱ እንደማንኛውም ሥራ ነው፤ አንድ ዓመት ተጫዋች ይጎድላል፣ ሌላው የአንተን ስልት ተምሮ ይደርስብሃል። ምክትሉ ብራውን ተረክቦ በሚቀጥለው ዓመት ዴንቨርን ወደ ግማሽ ፍጻሜ መለሰው። መቼም ቲየርኒ ሲሄድ ወኔው ቢሮ ውስጥ ተረስቶ ቀርቶ ብራውን አገኘው አይባልም።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ገንዘብም ጊዜም የተሰጣቸው ሌሎች አሰልጣኞች ወድቀዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሰውየው ነው» ይላሉ። እስማማለሁ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ልዩነት የሚያመጡት ግን በምንድን ነው? እኔ በሙያቸው ነው እላለሁ፤ የት መፈለግ እንዳለባቸው፣ ከመቶ ነገር የትኛውን አንድ ነገር ማስጠናት እንዳለባቸው፣ ማንን ምክትል ማድረግ እንዳለባቸው በማወቃቸው። አሰልጣኙን ሰባኪ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው እሱን የሚያሳንሱት። ሰባኪ በየመንደሩ ሞልቷል። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ስድስት ተከላካይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን በአገር ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ ነበር። የወኔ ታሪክ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ። ሽንፈት የልብ ጉድለት ነው ካልን ፍርዱ በልጆቹ ላይ ነው የሚወድቀው። ማለዳ በብርድ ማስሮጥ፣ ስም እየጠሩ ማዋረድ፣ «የማይፈልግ ይውጣ» ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ይወለዳሉ። በ1988 አሥራ ሦስት ጊዜ የተሸነፉት የፕሪንስተን ልጆች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ከእነሱ የተሻለ የሠለጠኑ ልጆች ገጠሟቸው፣ በቃ። ነጻ የትምህርት ዕድል ሳያገኙ፣ ፈተና እየተፈተኑ፣ በየሳምንቱ ለመሸነፍ ጫማቸውን ያሰሩ ልጆችን «ወኔ አጡ» ማለት እኔ ነውር ነው እላለሁ።

አሰልጣኙም አይተርፍም። መንፈስ በአንድ ንግግር የሚለወጥ ከሆነ ውጤቱም በአንድ ዓመት መታየት አለበት፤ ካልታየ ሰውየው መንፈስ የለውም ማለት ነው፣ ይባረር። የእኛ አገር የእግር ኳስ ክለቦች አሰልጣኝ በውድድር ዘመን አጋማሽ የሚያሰናብቱበት አመክንዮ ከዚህ የተለየ አይደለም። የመጣው አዲስ ሰው ያገኘው ያንኑ ተጫዋች፣ ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ የዘገየ ደመወዝ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ግን ልብ እንዲተክል ነው። ሁለት ጨዋታ ሲያሸንፍ «ወኔ መለሰ»፤ ሦስት ሲሸነፍ እሱም ሻንጣውን ይሸክፋል። የክለቡ አመራር በዚህ መሃል አንድም ጥያቄ አይጠየቅም። ወጣት ተጫዋች ከየት ነው የምታመጡት? ለአሰልጣኙ ስንት ዓመት ሰጣችሁት? ወኔ ለአመራር ምቹ ምክንያት ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

አሜሪካም ቢሆን አሁን ወደዚያው እያዘነበለች ነው። ከ2018 ወዲህ ተጫዋቾች ስማቸውን በአንድ መዝገብ አስገብተው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ መዛወር ጀምረዋል። ለልጆቹ ጥሩ ነው፤ አሰልጣኝ እንደልቡ ሲቀያየር እነሱ ታስረው የሚቀሩበት ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ለኃላፊዎቹ አዲስ ማሳበቢያ ሰጥቷል፤ «ተጫዋች በአንድ ክረምት መሸመት እየተቻለ አምስት ዓመት ምን ያደርጋል?» ይሉሃል። 2 አሸንፎ 13 የተሸነፈ አሰልጣኝ ዛሬ ቢሮው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ መገመት ይቻላል።

ለዚህ ነው የኖርዝዌስተርንን ሁለተኛ ምዕራፍ ከመጀመሪያው አብልጬ የምወደው። ከ2012 በኋላ ዋንጫው ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር። ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ቦስተን ኮሌጅ ሁሉም ፈጣን ልጆችን መመልመል ጀምረው ነበር፤ ርካሹ ዕቃ ተወደደ። የጨዋታው ደንብም ተለወጠ፤ ኳስ ይዞ መቆየት በሰዓት ተገደበ። አሞንቴ ሂለር በዚያ ሁሉ ዘመን አልተባረረችም። ማንም «ወኔዋ አልቋል» ብሎ ሌላ ወጣት ሰባኪ አላመጣባትም። እሷም እንደገና ወደ ፍለጋው ተመለሰች። በሚሺጋን ያደገችው ኢዚ ስኬን በጉዳት የ2022ን የውድድር ዘመን ሳትጫወት ቀርታ ነበር፤ በ2023 ተመለሰች፣ በዚያም ዓመት በተከታዩም ቴዋራቶንን ወሰደች። ግብ የሚጠብቅ ሰው ሲያስፈልግ ደግሞ አሰልጣኟ የሄደችው ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች ፍለጋ ወደማይረግጡት፣ ነጻ የስፖርት ትምህርት ዕድል ወደሌለበት ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው። ከዚያ ያመጣቻት ልጅ በ2023ቱ ፍጻሜ ግቡ ላይ ቆመች። ቦስተን ኮሌጅ በሙሉ ጨዋታው ስድስት ግብ ብቻ አስቆጠረባት፤ የእሷ ወገኖች አሥራ ስምንት አስገቡ።